ጥዱ ላይ ያስቀመጥኩት ቃል

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ሥራ የጀመርኩት የወተት ጥርሴ ረግፎ ሳያልቅ ስለሆነ አገልግሎቴ አጭር አይደለም፤ የላሊበላ ሰው ይመስክር። «ስንዱ ማን ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ «ቃል ተሸካሚዋ ናታ!» ይሏችኋል። ባለፈው ሰሞን የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ አስረስ ከገበያው በላይ አገኙኝና ቆም አሉ።

«እንግዲህ ስንዱ፣ ሥራ ፈታሽ። ጡረታሽን ማን ይክፈልሽ?» ብለው አሾፉብኝ።

«እርስዎ ነዎታ!» አልኳቸው። «ሰውን ሁሉ ፊደል ካላስቆጠርኩ ብለው የተነሡት እርስዎ አይደሉ?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስሄድ ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ቃል ስሸከም የራሴን አንድም ቀን ለማንም አድርሼ አላውቅም። ዛሬ እስክሪብቶ አለኝ፣ ወረቀት አለኝ፣ እጄም እንደ በፊቱ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ልጻፈው!

ሥራው ምን እንደነበር ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ በላስታ ከተራራው ወዲያ ላለ ዘመዱ ነገር ያለው ሰው በአፍ ነበር የሚልከው። የገበያ ወሬ ከሆነ ማንም አላፊ አግዳሚ ያደርሰዋል። የጋብቻ፣ የዕርቅ፣ የበሬ ነገር ከሆነ ግን አላፊ አግዳሚ አይታመንም፤ ይጨምርበታል፣ ይቀንስበታል፣ ጠላ ቤት ጎራ ብሎ ያጣፍጠዋል። እንዲህ ያለው ቃል እንደተቀበለ የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል። ከእኔ በፊት ያ ሰው እማሆይ ወለተ ኪዳን ነበሩ።

እማሆይ አጭር ናቸው፤ ቢጫ ቀሚሳቸውን በገመድ ታጥቀው ሲሄዱ ከኋላ ላያቸው ልጅ ይመስላሉ። እኔን ያገኙኝ ምንጭ ዳር ነው። ሁለት ሴቶች በውሃ ተራ ተጣልተው ከሄዱ በኋላ ለጓደኞቼ ጠቡን ከነሙሉ ስድቡ፣ የአንዷን በቀጭን የሌላዋን በወፍራም ድምፅ ስደግምላቸው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ቀጥታ ወደ እናቴ ሄደው፣ «ይህችን ልጅ ስጪኝ። አፏ ወንፊት አይደለም» አሏት። እናቴም የመነኩሲት ነገር አይመለስም ብላ ሰጠችኝ።

በመጀመሪያው ቀን፣ «ቃል ሲነግሩሽ የት ነው የምታስቀምጪው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጭንቅላቴ ውስጥ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እሱማ ጠባብ ነው! የበላሽው፣ የተራብሽው፣ የተቆጣሽው ሁሉ እዚያ ተጋፍቶ ተቀምጧል። ቃልን መንገድ ላይ አስቀምጪ ልጄ። መንገድ ሰፊ ነው።»

የሥራው ምስጢር ይኸው ነበር። ላኪው የመጀመሪያውን ቃል ሲናገር ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበትን መንገድ አያለሁ። ከከተማው መውጫ ያለችው ወይራ ላይ አንዱን አንጠለጥላለሁ። ሁለተኛውን ምንጩ ውስጥ አኖራለሁ። ሦስተኛውን ዋሻ ደጃፍ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ምንም አልሸከምም፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እየዘፈንኩ እሄዳለሁ። ወይራዋ ጋ ስደርስ ወይራዋ ቃሏን ትሰጠኛለች፣ ምንጩ ጋ ስደርስ ምንጩ ይሰጠኛል። ከምደርስበት ቤት ስገባ ሁሉም አፌ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል።

እማሆይ ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲናገር ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ «ፊት ካየሁ ፊቱን እንጂ ቃሉን አልይዝም» ይላሉ። በየቦታው ሲደርሱ ዛፉንም ድንጋዩንም በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፣ ልክ ተኝቶ እንደሚቀሰቀስ ሰው። ደግሞ ቃሉን ሳያደርሱ እህል አይቀምሱም። «የሰው ቃል ባለበት አፍ ላይ ቆሎ አልጨምርም» ይላሉ፤ እኔን ግን በረሃብ ስንት ጊዜ አንጀቴን አሳረሩት መሰላችሁ!

ስድብ አንሸከምም ነበር። የአንድ መሪጌታ ሚስት እትዬ በላይነሽ ለአማታቸው የሚላክ ነገር አለኝ ብለው ጠርተውን ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲጀምሩ እማሆይ ብድግ አሉ።

«በላይነሽ፣ ይሄን ራስሽ ውሰጂው።»

«እንዴ እማሆይ፣ እኔማ እንዴት ብዬ ፊታቸው ላይ እናገረዋለሁ?»

«ታዲያ እኛ ፊት የለንም?»

የመጀመሪያ ምድቤ ከተማው ውስጥ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ካህናት ሰፈር። ቀጥሎ ቁልቁል ወዳሉት መንደሮች ተሾምኩ። ደመወዝ ስትሉኝ ቆሎ፣ እንቁላል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አዲስ መቀነት። በመጨረሻም የእማሆይ ጉልበት ሲደክም ትልቁ መንገድ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስደው የተራራ መንገድ የእኔ ሆነ። ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ሳልሄድም እሄደዋለሁ፤ ተኝቼ።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ ዘመኑ የመጣብን። ጓድ አስረስ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ሬዲዮ ሰቀሉ። ሰው ተሰብስቦ ይሰማል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እኔም እየሮጥኩ እሄድ ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድሮ እማሆይ ያደረሱት ቃል ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ሳይረሳ ይወራ ነበር። ሬዲዮኑ ግን በማታው ወሬ የጠዋቱን ያስረሳል። «ምን አለ?» ስትሏቸው፣ «ኧረ ብዙ አለ!» ይሏችኋል እንጂ አንዱንም አይነግሯችሁም።

እማሆይ አንድ ቀን ቆመው አዳምጠው፣ «ይሄ ሳጥን ትንፋሽ አይወስድም። ትንፋሽ የማይወስድ እንግዳ ደግሞ የነገረሽን አትይዢለትም» አሉ። አንድ ነጋዴ ቴፕ ይዞ የመጣ ጊዜም ልጆቹ ሁሉ እኔን «ቴፗ! ቴፗ! እስቲ አጠንጥኚ!» እያሉ ይከተሉኝ ጀመር። እኔ ግን ኮራሁበት። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ያልቃል፤ የእኔ ድንጋይ አያልቅማ!

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

ከድርቁ በኋላ ለብዙ ሰው የቀረው አንድ በሬ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሬያቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ እንለዋለን። የእኛ ጎረቤት አያ ደምሴ ቦራ የሚባል በሬ ነበራቸው። ታናሽ ወንድማቸው አያ ሞላ ከተራራው ወዲያ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ባለች መንደር ይኖራሉ፤ የእሳቸው በሬ ጉራቻ ይባላል። ጥምዱ አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ ያርስ ነበር። ባለፈው ዓመት አያ ደምሴ ጉራቻን በተራቸው ከልክ በላይ አዋሉት። በአያ ሞላ ተራ ምስኪኑ በሬ ትልም መሀል ተኛ። አያ ሞላ ሲጠይቋቸው አያ ደምሴ በሰው ፊት ካዱ። ተጣሉ። ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

ዘንድሮ ሰኔ ሊገባ ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል። ቦራ እዚህ ብቻውን ያመሰኳል፣ ጉራቻ እዚያ ብቻውን ያመሰኳል። ካልታረቁ የሁለቱም ማሳ ጦም ሊያድር ነው፤ ከድርቁ ለተረፈ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለላስታ ሰው አይነገርም።

አንድ ዓርብ ጠዋት አያ ደምሴ ጠሩኝ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አራት ቃል ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ወይራዋ ላይ ሰቀልኩት። ሁለተኛው፣ «ጉራቻን ያደከምኩት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት የካድኩትን በሰው ፊት አምናለሁ» የሚል ነው፤ ምንጩ ውስጥ አኖርኩት። በሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ትልቁ ጥድ፣ ግንዱ ላይ ንብ የገባበት ሽንቁር ያለው ጥድ አለ። ሦስተኛውን እዚያ ሽንቁር ውስጥ ከተትኩት። አራተኛውን፣ «የመጀመሪያው ሳምንት ያንተ ይሁን» ያሉትን፣ ከተራራው ጫፍ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ጫንኩት።

«ቃሌ ሳይቀድመኝ እግሬ አይሄድም፤ የኔ ልጅ አደራ» አሉኝ።

ከከተማው ወጥቼ ወይራዋን እንዳለፍኩ ከኋላዬ ኤንትሬ የጭነት መኪና መጣ። የእርዳታ እህል ጭኖ ሰው ሁሉ በዘመቻ ወጥቶ በጠረገው በአዲሱ መንገድ ወደ ተራራው ወዲያ የሚሄድ ነው። ረዳቱ ከላይ ሆኖ፣

«አንቺ ልጅ! ነይ ውጪ፣ እግርሽ ምን አጠፋብሽ?» አለኝ።

መኪና ተሳፍሬ አላውቅም። ወጣሁ! የእህሉ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ነጠላዬን ይገፋል፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ። ጮህኩ፣ ሳቅኩ። በግማሽ ቀን የምደርስበትን አገር ላቤ ሳይወጣ ደረስኩበት።

አያ ሞላ ከሽማግሌዎች ጋር ደጃፋቸው ተቀምጠዋል። የተደገፉት ግድግዳ ሥር ጉራቻ ታስሯል። እጅ ነሣሁ፤ አፌን ከፈትኩ።

«ወንድሜ ሆይ፣ እንዴት ከርመሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ...»

ቀጥሎ ባዶ።

አያችሁ፣ መኪናው የሄደው በአዲሱ መንገድ ነው። ምንጬን አላየሁም፣ ጥዴን አላየሁም፣ የድንጋይ ክምሬን አላየሁም። ቃሎቼ በአሮጌው መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁኝ እኔ በሌላ በኩል በርሬ አልፌአቸዋለሁ። ሰውነቴ ደርሷል፤ ቃሉ አልደረሰም።

«ከዚያስ?» አሉ አያ ሞላ።

«አያ ሞላ... ቃሉ መንገድ ላይ ነው። ሄጄ ላምጣው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ሞላ ግን ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቆረ።

«ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ የላከብኝ 'ደህና ነኝ' ብሎ ነው? ደህና መሆኑን ነው የሚነግረኝ?» ተነሡና የጉራቻን ገመድ ፈቱ። «ነገ ቅዳሜ ነው። ይህን በሬ ላሊበላ ገበያ አውጥቼ እሸጠዋለሁ። መንገድ ላይ ካለው አማቼ ቤት አድሬ ጠዋት እዚያ ነኝ።»

«አያ ሞላ፣ ይታገሡኝ፣ ስለ ማርያም!»

«ደህና ነኝ ብሎኛል፤ ደህና ይሁን!»

ጉራቻ ከተሸጠ ሁሉም ነገር አለቀ። እሳቸው በአዲሱ መንገድ በሬውን ሲነዱ እኔ በአሮጌው መንገድ ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። የድንጋይ ክምሩ ጋ ስደርስ በእጄ መታሁት፤ ቃሉን ወዲያው ሰጠኝ፦ «የመጀመሪያው ሳምንት ያንተ ይሁን።» እየደጋገምኩት ቁልቁል ወረድኩ። ጥዱ ጋ ደረስኩ።

ጥዱ የለም።

ጉቶ ብቻ ቀርቷል፤ ለካ በዚያ መንገድ ካለፍኩ ወዲህ ቆርጠውታል። ዙሪያው ፍልጥና ቅርፊት ነው። ጉቶውን ነካሁት፣ ዞርኩት፣ ተቀመጥኩበት። ምንም የለም። ሦስተኛው ቃል የነበረበት ሽንቁር ከግንዱ ጋር ሄዷል። መጋዝ ቃልን አይለይማ! ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ቢያንስ ምንጩን ላግኝ ብዬ ወረድኩ፤ ምንጩ ሁለተኛውን ሰጠኝ። አሁን ሦስቱ አሉ፤ ያለ ሦስተኛው ግን ቤት ያለ ምሰሶ ነው። አያ ደምሴ ድምፃቸው የተሰበረው እሱ ላይ ነበራ።

ይሄኔ ከምንጩ በታች ጩኸት ሰማሁ።

«ኧረ ና! ና እንጂ አንተ ከይሲ! ድልድይ ነው እኮ፣ አይበላህም!»

አዲሱ መንገድ ወንዙን የሚሻገረው እዚያ ነው። ወንዙ ላይ ግንዶች ተጋድመዋል። አያ ሞላ ወዲያ ማዶ ሆነው ገመዱን ይጎትታሉ፤ ጉራቻ ወዲህ ሆኖ አራት እግሩን ተክሏል፤ በግንዶቹ መካከል የሚታየው ውሃ አስፈርቶታል። እየሮጥኩ ወርጄ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ፣ ከግንዶቹ አንዱ ላይ ሽንቁር አለ። ሰም አለበት። አንዲት ንብ እንኳ ዙሪያውን ትዞራለች።

ጥዴ ነው! ጠዋት በመኪና ላዩ ላይ ሄጄበታለሁ እኮ፤ ሳላየው!

ተንበርክኬ እጄን ሽንቁሩ ውስጥ ከተትኩ። ቃሉ ከነ አያ ደምሴ ድምፅ፣ ከነስብራቱ ወጣ። ብድግ አልኩና ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ ፊት ለፊት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አደረስኩት፦

«ወንድሜ ሆይ፣ እንዴት ከርመሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉራቻን ያደከምኩት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት የካድኩትን በሰው ፊት አምናለሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይታረቃል፤ እኔ ግን የአባታችንን ቀንበር በጫንቃዬ ተሸክሜ እንደ በሬ ሆኜ ደጅህ እመጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ያንተ ይሁን።»

አያ ሞላ ገመዱን ለቀቁት።

«የአባታችንን ቀንበር?» አሉ።

«በጫንቃዬ ተሸክሜ።»

«እንደ በሬ ሆኜ አለ?»

«እንደ በሬ ሆኜ።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ጉራቻ ዞሩ። «አንተ እኮ አውቀህ ነው ያልተሻገርከው፤ ና እንመለስ» አሉት።

በማግስቱ የገበያ ሰው ሁሉ እያየ አያ ደምሴ ቀንበሩን በአንገታቸው አጋድመው ያንን ተራራ ወጡ። እኔ ከፊት ከፊት ነበርኩ፤ በእግሬ። እማሆይ ሁሉንም ስነግራቸው ስለ መኪናው አልተቆጡኝም። «እንግዲህ መንገዱ ከተቀየረ አዲሱን መንገድም መማር ነው፤ ጥዱም እኮ ተምሯል» አሉ።

እኔም ተማርኩ። መሠረተ ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ አያ ደምሴና አያ ሞላም በየመንደራቸው ተመዘገቡ። ፊደሉን መንገዴ ላይ እንደማስቀምጠው ቃል አድርጌ ያዝኩት፤ «ሀ» ወይራዋ ላይ፣ «ለ» ምንጩ ውስጥ። አሁን ወንድማማቾቹ በሬ የሚመጣበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ይጻጻፋሉ። እንጀራዬን የቆረጡብኝ እነሱው ናቸው ማለት ነው!

ደግሞ የማልደብቀው ነገር አለ፤ ከጻፍኩ ወዲህ ጭንቅላቴ ተለውጧል። እናቴ ከገበያ የምታስገዛኝን መዳፌ ላይ ጽፌ ሄድኩ፤ ላቤ አጠፋው፣ ጨው ረስቼ ተመለስኩ። ድሮ ቢሆን ጨዉን ወይራዋ ላይ እሰቅለው ነበር። የጻፍኩትን ነገር አእምሮዬ «ወረቀቱ ይዞታል» ብሎ ይጥለዋል። ግን ምን አገኘሁ መሰላችሁ? የተሸከምኩትን ቃል መለወጥ አልችልም ነበር። የጻፍኩትን ግን ተመልሼ አየዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ፣ አሳምረዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ራሱን ስንት ጊዜ ሰረዝኩት! ቃል ተመልሶ ሲታረም የማየት ደስታ... መኪናው ላይ ከጮህኩት በላይ ያስጮኻል።

ጽፌ ስጨርስ ለእማሆይ ወስጄ አነበብኩላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ገና አልጻፍኩትም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሳበቃ ቆሎ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አወዛወዙ።

«አልቀምስም። አፌ ላይ ቃል አለ። ለማን ላድርሰው?»

«የእኔ ቃል እኮ ነው፣ እማሆይ» አልኩ ደንግጬ።

«አውቃለሁ። ባለቤቷማ አንቺ ነሽ። ለማን?»

ወደ አያ ደምሴ ማሳ አመለከትኩ። ጉልበታቸውን እያሹ፣ በምርኩዛቸው ድንጋዩን ሁሉ ነካ ነካ እያደረጉ ወረዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ቦራንና ጉራቻን ጠምደው እያረሱ ነበር፤ በዚያው በአባታቸው ቀንበር። እማሆይ ትልሙ ዳር ቆመው ጽሑፌን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ሳይጥሉ አደረሱላቸው። በሬዎቹ ቆመው ተነፈሱ። አያ ደምሴ ፈገግ ብለው አፈሩን በእግራቸው ይጫጭራሉ። አያ ሞላ ግን ጅራፋቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ! ጉራቻ ፈራ ብለሽ ነው የጻፍሽው? የእኔ በሬ ድልድይ አይፈራም! ይታረም!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማሆይም ዞሩ፤ ዓይናቸው እየሳቀ ነው።

የተላከ ቃል ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ያዘዘኝን እፈጽም ነበር። ይሄ ግን የእኔ ነው። እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ እዚያው ትልሙ ዳር አንድ ቃል ጨመርኩ።

በሬው በጣም ፈርቶ ነበር።